የሰሊጥ አገዳና የቀለም ፍሳሽ

በገዳሪፍ፣ በመተማና በሑመራ ቈላ የሰሊጥ መከር ደርሶ ፍሬው ከተራገፈ በኋላ አገዳው በእርሻው ላይ ተከምሮ ይቀራል። ሱዳኖች ዱራ የሚሉት የማሽላ አገዳ ለከብት መኖና ለጎጆ ክዳን ይፈለጋል፤ የሰሊጡ ግን እንጨታም ስለ ሆነ ከብት አይወደውም። ከፊሉ ለምድጃ ይወሰዳል፤ የቀረውም ለሚመጣው እርሻ ቦታ ለማስለቀቅ ሲባል በእሳት ይነዳል። በጋዳምበሊያ በትራክተር ማረስ ከተጀመረበት ከ1944 እ.ኤ.አ. ወዲህ የገዳሪፍ እርሻ እጅግ ስለ ሰፋ፣ የሚነደውም እንዲሁ ብዙ ሆኗል። ይህ አገዳ ሌላ አገልግሎት እንዳለው የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፤ ይኸውም ከጨርቅ ፋብሪካ የሚወጣውን ቀለም ያዘለ ፍሳሽ ማጥራት ነው።

ጨርቅ በሚቀለምበት ጊዜ ቀለሙ ሁሉ በክሩ ላይ አይቀርም። በተለይም ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጥጥ የተለመዱት ሪአክቲቭ የተባሉት ቀለሞች ከፊላቸው ከእጣቢው ጋራ ይወጣሉ። ፀሐይና ሳሙና እንዳያስለቅቃቸው ሆነው የተሠሩ በመሆናቸው፣ ለገዢው ደስ የሚያሰኘው ይህ ጠባያቸው ለወንዝ ጠንቅ ነው፤ በቀላሉ አይበሰብሱም፣ ብርሃንንም ከውሃው ውስጥ ይከለክላሉ። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ ሚሊግራም እንኳ ቢገባ መልኩ በዐይን ይታያል።

ነገሩ የጠረፉን ሕዝብ የሚነካው ወንዞቹ ወደ ምዕራብ ስለሚወርዱ ነው። ተከዜ በሱዳን ሰቲት ተብሎ ከላይኛው አትባራ ጋራ ይገናኛል፤ በሁለቱ ላይ የተሠሩት የሩሜላና የቡርዳና ግድቦች በ2017 እ.ኤ.አ. ተመርቀዋል። በ1953 ዓ.ም. በኢጣልያ የጦር ካሣ ገንዘብ የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም የቆመው በዐባይ አጠገብ ነው። እንግዲህ በላይ የፈሰሰውን ሁሉ በታች ያለው ገበሬና ከብቱ ይጠጡታል።

አገዳው የሚሠራበት ምክንያት ይህ ነው። ሴሉሎስና ሊግኒን የተባሉት የአገዳው አካላት በውሃ ውስጥ ነጌቲቭ የኤሌክትሪክ ጠባይ ስለሚያሳዩ፣ እንደ ሜቲሊን ብሉ ያለውን ፖዘቲቭ ቀለም ስበው በገላቸው ላይ ይለጥፉታል። አገዳው በሙቅ ውሃ ደጋግሞ ታጥቦ፣ ደርቆና ተፈጭቶ በወንፊት ይነፋል። ሳይታጠብ የቀረ እንደ ሆነ የራሱን ቡናማ መልክ ይለቅና ሥራውን ያበላሻል። ሪአክቲቭ ቀለሞች ግን ራሳቸው ነጌቲቭ ስለ ሆኑ ጥሬውን ዱቄት ይሸሹታል፤ ለእነርሱ ውሃውን በአሲድ ማኮምጠጥ፣ ወይም አገዳውን በፎስፎሪክ አሲድ ነክሮ አየር በማይገባበት ምድጃ ከሰል ማድረግ ያስፈልጋል። ስለዚህ ነገሩ እንደሚወራው ያህል ርካሽ አይደለም፤ ለፋብሪካ ሁሉ አንድ መድኃኒት አለ ማለትም ስሕተት ነው።

ለአካባቢው ሰው አሳቡ እንግዳ አይሆንበትም። የሱዳን ሴቶች የሞሪንጋን ፍሬ ወቅጠው የጎርፉን ውሃ ሲያጠሩ ኖረዋል፤ ዛፉም በዐረብኛ የማጥሪያ ዛፍ ይባላል። ይህንንም ልማድ ዶክተር ሳሚያ አል አዝሃሪያ ያን በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መርምረው ለዓለም አሳውቀዋል። በዚያ ሥራውን የሚሠራው ግን በፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ነው፤ ፖዘቲቭ በመሆኑ ጭቃውን ሰብስቦ ያዘቅጠዋል።

በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እጣቢውን አጥርቶ መልሶ የሚጠቀምበት ታላቅ መሣሪያ አለው። እንዲህ ያለውን ትንሹ ማቅለሚያ ቤት ሊገዛው አይችልም፤ በርሜል ውስጥ አሸዋና የአገዳ ከሰል ደርቦ ማጥለል ግን ይቻለዋል። የሚበጀውም በአንድ ሊትር ፍሳሽ ውስጥ ሁለት፣ አራትና ስድስት ግራም ዱቄት እየጨመሩ አስቀድሞ መፈተን ነው። የጠራው ውሃ ጨውና ሌላ ኬሚካል ስለሚቀርበት አይጠጣም። ቀለም የጠጣውም ዱቄት እንደ ፍግ በእርሻ ላይ አይበተንም፤ ዝናም ሲመታው የያዘውን ቀለም መልሶ ይለቃልና፣ በደረቅ ስፍራ ተከማችቶ በጋለ የጡብ ምድጃ መቃጠል አለበት።