ስህተት ያልጻፈ ስክሪፕት ሁሉ ትክክል አይደለም

የሼል ስክሪፕት መማር ለጀመረ ሰው ቀድመው ከሚሰጡት መልመጃዎች አንዱ ካልኩሌተር ነው። 1 መደመር፣ 2 መቀነስ፣ 3 ማባዛት፣ 4 ማካፈል፣ 5 መውጫ። ሁለት ቁጥር ይቀበላል፣ ውጤቱን ያሳያል፣ ወደ ሜኑው ይመለሳል። ፕሮግራሙ አጭር ነው፤ በዙሪያው ተማሪ ለተማሪ የሚያቀብለው የተሳሳተ እምነት ግን ብዙ ነው። ከሁሉም የከፋውን በሰፊው ላንሣ።

ተረት፦ ተርሚናሉ ስህተት ካልጻፈ ስክሪፕቱ ይሠራል

እውነታው፦ እምነቱ ከምንም አልተነሣም። በሲ ወይም በጃቫ የጀመረ ሰው ኮምፓይለሩ ብዙ ጥፋት ፕሮግራሙ ሳይነሣ እንደሚይዝለት ለምዷል። እዚያ ዝምታ የተወሰነ ማስረጃ ይሆናል። ሼል ግን አንድ ትእዛዝ መኖር አለመኖሩን የሚያጣራው ተራው ሲደርስ ነው። የማካፈሉ ትእዛዝ ስም ተሳስቶ ቢጻፍ፣ አንድ ሰው 4ን እስኪመርጥ ድረስ ጥፋቱ ተኝቶ ይቆያል። መደመርን ብቻ ሞክሮ «ጨርሻለሁ» ያለ ተማሪ ገና ሦስት አራተኛውን አላየም።

ከዚህም የሚብሰው ተመርጦ፣ ሠርቶ፣ የተሳሳተ መልስ የሚሰጠው ክፍል ነው። ባሽ የተባለው ሼል በራሱ የሚያሰላው በሙሉ ቁጥር ብቻ ነው። 7ን ለ2 አካፍል ሲሉት 3 ይላል፤ ግማሹን ይጥለዋል። የ200 ብር ዕቃ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ለማስላት $((15 / 100 * 200)) ብሎ የጻፈ ሰው መልሱ 0 ይሆንበታል፤ 15 ለ100 ሲካፈል ገና መጀመሪያ ላይ ዜሮ ሆኗልና። ተራውን ቀይሮ $((200 * 15 / 100)) ቢል 30 ያገኛል። በሁለቱም ጊዜ ተርሚናሉ አንድም ቅሬታ አያሰማም።

$((010 + 1)) ደግሞ 11 ሳይሆን 9 ይሰጣል፤ ባሽ ከዜሮ የሚጀምርን ቁጥር በስምንት መሠረት ስለሚያነብ። 09 ቢገባ ቢያንስ ይጮኻል፣ 9 የሚባል አኃዝ በስምንት መሠረት ውስጥ የለምና። ያንኑ 010 ከ1 ጋር እንዲደምር «ኤክስፐር» ለተባለው የስሌት ትእዛዝ ቢሰጡት ግን 11 ይላል። ተጠቃሚው ምንም ሳይጽፍ ኢንተር ቢጫን ባሽ ባዶውን እንደ ዜሮ ቆጥሮ ይደምራል። በቁጥር ፈንታ ስሙን በላቲን ፊደል ቢጽፍም፣ በዚያ ስም የተያዘ ዋጋ ከሌለ፣ እንደዚያው ዜሮ ነው። ሰው «ዝም አይነቅዝም» ይላል፤ ስክሪፕት ግን ዝም ብሎ ይነቅዛል።

ትዕግሥቴን የሚፈታተኑት በክፍልም በቪዲዮም 10 እና 5ን ይዘው የሚያስተምሩ ናቸው። 15፣ 5፣ 50፣ 2፤ አራቱም ልክ ናቸውና ትምህርቱ አለቀ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ያለ ቀሪ ይካፈላሉ፣ ከዜሮ አይጀምሩም፣ አሉታዊም አይደሉም። ጥፋት ለመደበቅ ተብሎ ቢፈለግ ከእነሱ የተሻለ ጥንድ አይገኝም። ተማሪው ግን ስክሪፕቱ የተፈተነ ይመስለዋል፤ በኋላም ያንኑ ልማድ ይዞ የሱቅ ሒሳብ ወይም የደመወዝ ስሌት ይጽፋል።

የባሰ ምክር የሚሰጡም አሉ። በ«ኤክስፐር 5 * 3» ማባዛት እንቢ ሲል የስህተት መልእክቱን የተላከበትን ሁሉ ወደሚያጠፋው «ዴቭ ነል» ጣለው ይላሉ። መልእክቱ ይጠፋል፤ «ውጤት፦» ከሚለው ፊት ለፊት ግን ባዶ ቦታ ይቀራል። ምክንያቱን ማወቅ ቀላል ነበር። ለሼል የኮከብ ምልክት «በዚህ ፎልደር ያሉ ፋይሎች ሁሉ» ማለት ስለሆነ፣ ኤክስፐር ዘንድ የሚደርሰው 5፣ የፋይሎቹ ስም ዝርዝር፣ ከዚያ 3 ነው። ያው መስመር ባዶ ፎልደር ውስጥ ሲሮጥ 15 ይሰጣል። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው ክርክር አንዳንዴ የሚነሣው ከዚህ ነው። መፍትሔው ከኮከቡ በፊት ባክስላሽ ማድረግ፣ ወይም በ$(( )) ድርብ ቅንፍ መጠቀም ነው።

ይህን ለማየት ስክሪፕቱን በ«ባሽ ማይነስ ኤክስ» ማስነሣት ይበቃል። እያንዳንዱ ትእዛዝ ከመፈጸሙ በፊት የ+ ምልክት ተደርጎበት ይታተማል፤ የፋይሎቹ ስም በኮከቡ ቦታ ተሰልፎ ይታያል።

ሌሎቹን በአጭሩ

ተረት፦ «ቢሲ» የተባለውን የስሌት ፕሮግራም ከተጠቀምኩ የአሥርዮሽ ችግር አበቃ።
እውነታው፦ ቢሲም ካልነገሩት 7ን ለ2 አካፍሎ 3 ይላል። የአሥርዮሽ ቤቶችን ብዛት የሚወስነው «ስኬል» 2 ሲደረግ 3.50 ይሰጣል። ያኔም ይቆርጣል እንጂ አያጠጋጋም፤ 2 ለ3 ሲካፈል 0.67 ሳይሆን .66 ነው።

ተረት፦ ክፍተት ለውበት ነው።
እውነታው፦ «ኤክስፐር 5+3» ያለ ክፍተት ሲጻፍ መልሱ 8 አይሆንም፤ ራሱን «5+3»ን መልሶ ያትማል። ለተለዋዋጭ ዋጋ ሲሰጥ ደግሞ በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍተት ከገባ፣ ሼል ስሙን እንደ ትእዛዝ ይፈልገዋል።

ተረት፦ ጥፋቱ ያለው የመስመር ቁጥሩ የጠቆመው ቦታ ነው።
እውነታው፦ ፋይሉ ሳይታሰብ አለቀ የሚለው መልእክት ብዙ ጊዜ መጨረሻውን መስመር ይጠቁማል፤ ያልተዘጋው ሉፕ ወይም የሜኑው «ኬዝ» ያለው ግን ከላይ ነው።

ተረት፦ «ኤስኤች» እና ባሽ አንድ ናቸው።
እውነታው፦ ኡቡንቱ ላይ ከ6.10 (እ.ኤ.አ. 2006) ጀምሮ ኤስኤች የሚያስነሣው «ዳሽ» የተባለውን ሌላ ሼል ነው። ለባሽ የተጻፈን ስክሪፕት በኤስኤች ማስጀመር የመጀመሪያውን መስመር ማዘዣ ዋጋ ያሳጣዋል፤ «ሴሌክት» እና «ሌት» የመሳሰሉትም አይታወቁም።

ተረት፦ ከላይ «ሴት ማይነስ ኢ» ከተጻፈ ሁሉም ስህተት ይያዛል።
እውነታው፦ ኤክስፐር ውጤቱ ዜሮ ሲሆን የመውጫ ኮዱ 1 ነው፤ «ሴት ማይነስ ኢ» ደግሞ ዜሮ ያልሆነን ኮድ እንደ ስህተት ቆጥሮ ስክሪፕቱን ያቆማል። 5 ሲቀነስ 5 ትክክል ተሰልቶ ሳለ፣ ካልኩሌተሩ ያለ አንድ ቃል ይዘጋል።

ጀማሪ በኤክስፐር ይጀምር ወይስ በቀጥታ በድርብ ቅንፍ በሚለው አቋሜ የጸና አይደለም፤ የመጀመሪያው አሮጌ ቢሆንም ሼል ምልክቶችን እንዴት እንደሚያነብ ያስተምራል። በፈተናው ግን አላመነታም። ስክሪፕቱ ከመነሣቱ በፊት 7 እና 2፣ 5 እና 0፣ አሉታዊ ቁጥር፣ 010፣ 1.5፣ ባዶ ኢንተር፣ አንድ ፊደል፣ በሜኑው የሌለ ምርጫ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ከየአንዳንዱ ጎን የሚጠበቀው መልስ ይስፈር። የሚጠበቀውን ሳያውቅ ስክሪፕቱን ያስነሣ ሰው የወጣለትን ቁጥር ሁሉ ከማመን በቀር ምርጫ የለውም።