ስለ ዓሣ በል ወፎችና ስለሚመለከታቸው ሕግ

ኩሬ ቈፍሮ ዓሣ የሚያረባ ገበሬ ከሌባ አስቀድሞ የሚገጥመው ባላጋራ ወፍ ነው። በሰበታ የአገሪቱ የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ስላለ፣ የቆሮሶ፣ የአምባዛና የዱባ ዓሣ ጫጩት ከዚያ እየተራባ ለአርቢዎች ይሰጣል። በቡራዩ በኩል ያለው የገፈርሳ ግድብና የሱሉልታ ረግረጋማ ሜዳ ደግሞ የውኃ ወፎች መዋያ መሆናቸው የታወቀ ነው። እንግዲህ አርቢውና ወፉ ጐረቤታሞች ናቸው። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ውስጥ የተጠቃለሉ ሲሆን፣ «ወፎቹ ይገደሉልኝ» የሚል አቤቱታ የሚቀርብለት ሹም ሕጉ የሚለውን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

ጉዳቱ ሐሰት አይደለም። ኮርሞራንት የሚባለው ጥቁር ጠላቂ ወፍ በቀን ግማሽ ኪሎ ያህል ዓሣ ይበላል። ዓሣው እያንዳንዱ 10 ግራም የሚመዝን ጫጩት የሆነ እንደ ሆነ፣ አንድ ወፍ በቀን 50 ይውጣል ማለት ነው፤ 500 ጫጩት የገባበትንም ኩሬ ሁለት ወፎች በአምስት ቀን ባዶ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ሆኖም በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳ ሲል ወፍንም ይጨምራል፤ ያለ ፈቃድ ማደንንም ከልክሎ፣ በሚተላለፈው ላይ ከ5,000 እስከ 30,000 ብር መቀጮ ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት እሥራት ወይም ሁለቱንም ደንግጓል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ደግሞ በዋናው የሚመለከተው የሰውን ሥራ ነው። ስለዚህ በገዛ እጁ ጠመንጃ የሚያነሣ አርቢ ከሳሽ ሆኖ መጥቶ ተከሳሽ ሆኖ ይመለሳል። ነገሩን ለዱር እንስሳት ባለሥልጣን ማስተላለፍ እንጂ፣ የወረዳ ሹም በራሱ ቃል ተኩስ ማዘዝ አይገባውም።

በሌሎች አገሮችም ይህ ክርክር ብዙ ጊዜ ተነሥቷል። ኤውሮጳውያን በ1979 እ.ኤ.አ. ባወጡት የወፎች ሕግ ሁሉንም የዱር ወፍ ከጠበቁ በኋላ፣ በዓሣ ማርቢያ ላይ ከባድ ጉዳት ሲደርስና ሌላ አጥጋቢ መፍትሔ ሲታጣ ብቻ ልዩ ፈቃድ እንዲሰጥ አደረጉ። የአሜሪካ መንግሥት ግን በ1998 እ.ኤ.አ. በ13 ክፍለ ግዛቶች የሚገኙ ዓሣ አርቢዎች ኮርሞራንትን ያለ ልዩ ፈቃድ እንዲገድሉ ፈቀደ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት በቂ ጥናት አልተደረገበትም ሲል ትእዛዙን ሻረው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው አዲስ ደንብ ግድያውን በፈቃድና በተወሰነ ቍጥር ያዘው። ጥናት የሌለው ፈቃድ እንዴት እንደሚፈርስ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ዓሣ ሲጠፋ ሁሉ ወፉን መወንጀልም ትክክል አይደለም። ከነዚህ ከተሞች ወደ ደቡብ፣ በስምጥ ሸለቆ፣ ፔሊካን የሚባለው ትልቅ ነጭ ወፍ በሻላ ሐይቅ ደሴት እየፈለፈለ ምግቡን ከአብያታ ሐይቅ ያገኝ ነበር። ነገር ግን የአብያታ ውኃ ለሶዳ አሽ ማምረቻ ስለ ተቀዳ፣ ገባሩም ለመስኖ ስለ ተጠለፈ፣ ሐይቁ ጐደለ፤ ጨውነቱ በረታና ዓሣው ጠፋ። ወፉም ምግቡን ፍለጋ ወደ ሩቅ ለመሄድ ተገደደ። በዚያ ስፍራ ሀብቱን ያጠፋው ውኃውን የቀዳው ሰው እንጂ ወፉ አልነበረም።

አርቢው ሊያደርገው የሚገባ ሥራ ቀላል ነው። ጫጩቶቹን እስኪጠነክሩ ድረስ መረብ በተዘረጋበት ትንሽ ኩሬ ማቆየት፤ በትልቁ ላይ ገመድ አጣጥሮ መወጠር፤ በእግሩ ቆሞ የሚያጠምደው ወፍ መቆሚያ እንዳያገኝ የኩሬውን ዳር ቀጥ አድርጎ ጠለቅ ማድረግ። ኩሬውም ከቤት ባይርቅ ይሻላል፤ ሰውና ውሻ ባለበት ወፍ አይደፍርም። አንድ ወፍ ቢገደል በማግሥቱ ሌላው ይተካዋልና መረብ ከጥይት ይረክሳል። መርዝ ማስቀመጥ ግን ፈጽሞ ሊታሰብ አይገባም፤ የገፈርሳ ውኃ የአዲስ አበባ ሕዝብ የሚጠጣው ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጉዳቱ ያልቆመ እንደ ሆነ፣ ወደ ባለሥልጣኑ የሚላከው ጽሑፍ የወፉን ዐይነትና ቍጥር፣ የሚመጣበትን ሰዓትና ወራት፣ የጠፋውን ዓሣ ልክ፣ የተሞከረውንም መከላከያ ይዘርዝር።