ባሌስትራው ማረሻ ሲሆን

ከሰል ብቻውን ብረት አያለሰልስም፤ ነፋስ ይፈልጋል። ስለዚህ በአገራችን ገጠር ብረት ቀጥቃጭ ቤት የሥራው ግማሽ ወናፉ ነው። ወናፍ ከሁለት የፍየል ቆዳ አቁማዳ ይሠራል። የሚነፋው ሰው የአንዱን አፍ ከፍቶ ወደ ላይ ሲስበው አየር ይገባል፤ አፉን ገጥሞ ሲጫነው አየሩ በሸክላ ቱቦ አልፎ ፍሙ ሥር ይደርሳል። ሁለቱ እጆች ስለሚፈራረቁ ነፋሱ አይቋረጥም። ብዙ ጊዜ ወናፍ የሚነፋው ልጅ ነው፤ ሙያውን የሚለምደውም ከዚያው ከእሳቱ ዳር ነው።

ሙቀቱን የሚለካው ዓይን ነው። ጠቆር ያለ ቀይ ወደ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ለመቀጥቀጥ ገና ነው። ብረቱ 1000 ገደማ ደርሶ ብርቱካናማ ሲሆን በጉጠት ይወጣል፣ መስፉ ላይ ያርፋል፣ መዶሻ ይወርድበታል። ነጭ ሆኖ ብልጭታ መርጨት ከጀመረ ግን እየተቃጠለ ነው። ቤቱ ጨለም ማለቱም ይረዳል፤ የጋለ ብረት ቀለም በፀሐይ ብርሃን በደንብ አይለይም።

ድሮ ከማዕድን አፈር ይነጠር የነበረው ብረት ዛሬ ከጋራዥ ይመጣል። ከሁሉ የሚመረጠው የመኪና ባሌስትራ ነው። ከ0.5 እስከ 0.6 በመቶ ያህል ካርቦን ስላለው ቀልቶ ውሃ ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል። ተራ ፌሮ ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ ይህን ያህል አይጠነክርም። የነከሩትን እንዲሁ መተውም አይቻልም፤ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ጥቂት ሞቅ ተደርጎ መለዘብ አለበት።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ለዘመናት “ቡዳ”፣ “ጠይብ” እየተባለ ተሰድቧል፤ ከጋብቻም ተገልሏል። በጎንደር አካባቢ ርስት የተነፈጉት ቤተ እስራኤላውያን በብረት፣ በሽመናና በሸክላ ሥራ ሲተዳደሩ የጎረቤቶቻቸውን ማረሻ እየሠሩ በዚያው ሥራ ይሰደቡ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ቆየ። ጤፉን በልቶ ማረሻውን የሠራውን እጅ መጠየፍ ትልቅ በደል ነው።

ማረሻ ሲሠራ አንዱ ጫፍ እንደ ጦር ይሾላል፤ ሌላው ተጠፍጥፎ ይጠቀለልና እንጨቱ የሚገባበት ቀዳዳ ይሆናል። ድንጋያማ መሬት ጫፉን ስለሚበላው ገበሬው የእርሻ ወቅት ሲቃረብ ተሸክሞት ይመለሳል። ቀጥቃጩ የተረፈውን ብረት አግሎ፣ ስቦ፣ እንደገና ያሾለዋል። በዓመቱም እንዲሁ። ለማረሻ የማይበቃ ሆኖ ሲያጥር፣ ለቢላና ለወስፌ ከተጠራቀመው ብረት ጋር ጥግ ይቀመጣል።