ቴኳንዶን ይዘው ቶሮንቶ የገቡት ስደተኛ ጄኔራል

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችንን ነጭ ልብስ አልብሰን ቴኳንዶ የምናስተምር የቶሮንቶ ወላጆች ጥቂት አይደለንም። የስፖርቱን ስም ያወጡት ሰው እንደኛው ተሰድደው እዚሁ ከተማ መምጣታቸውን የሚያውቅ ግን ብዙ አይመስለንም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ጥቂት ልንል ወደድን። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ቾይ በ1918 ዛሬ ሰሜን ኮሪያ በሚባለው ምድር ተወለዱ። ሀገራቸው ያኔ በጃፓን አገዛዝ ሥር ነበረች። እርሳቸው እንደተረኩት፣ በልጅነታቸው ቁም ጽሕፈት ካስተማሯቸው መምህር ታክዮን የተባለውን ጥንታዊ የኮሪያ የእግር ፍልሚያ ቀመሱ። ለትምህርት ጃፓን ሲሄዱ ደግሞ ሾቶካን ካራቴን ተምረው ጥቁር ቀበቶ ታጠቁ። ከነጻነት በኋላ የደቡብ ኮሪያ ጦር መኮንን ሆነው ያወቁትን ለወታደሮቻቸው አስተማሩ።

ያወቁትን ሁሉ ዝም ብለው አልደባለቁም። ከካራቴ የእጅ ምቱንና አቋቋሙን ወሰዱ፤ ለእግር ምት ግን ሰፊ ቦታ ሰጡ። ቆየት ብለውም ሰውነት ከምቱ በፊት ዘና ብሎ፣ ዝቅ ከፍ እያለ ክብደቱን በምቱ ላይ እንዲያሳርፍ አደረጉ። የአይ ቲ ኤፍ ቴኳንዶ ከካራቴ ተለይቶ የሚታወቀው በዚህ ነው።

በ1955 ቴኳንዶ የሚለው ስም ወጣ፦ ቴ እግር፣ ኳን ቡጢ፣ ዶ መንገድ። የኛ ቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮሪያ ሲደርስ ስሙ ገና አልተወለደም ነበር ማለት ነው። የካራቴውን ካታ ትተው በጊዜ ብዛት 24 የራሳቸውን ቱሎች አዘጋጁ፤ ለብዙዎቹም የኮሪያን ጀግኖች ስም ሰጡ። ጁንግ ጉን የሚባለው ቱል 32 እንቅስቃሴ አለው። ቁጥሩ በ1909 ጃፓናዊውን ኢቶ ሂሮቡሚን ገድሎ በሞት የተቀጣው አርበኛ የዕድሜው መታሰቢያ ነው። ከጃፓን በተማሩት ስልት የጃፓንን ባላንጣ አከበሩበት! ሁሉንም በ15 ቅጽ ጽፈው አስቀመጡ።

በ1966 ሶል ላይ ዓለም አቀፉን የቴኳንዶ ፌዴሬሽን (አይ ቲ ኤፍ) መሠረቱ። ከፓርክ ቹንግ ሂ መንግሥት ጋር ተጣልተው በ1972 ወደ ካናዳ ሲሰደዱ ግን ዋናውን ጽሕፈት ቤት ወደ ቶሮንቶ አዛወሩት። በዓመቱ በሶል ሌላ ፌዴሬሽን ተቋቋመ። በ2000 ሲድኒ ላይ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያገኘው፣ በቶኪዮውም ኦሊምፒክ ሰሎሞን ቱፋ ለኢትዮጵያ የተወዳደረበት ቴኳንዶ ይኸኛው ነው።

ቾይ በ1980 ስፖርቱን ሰሜን ኮሪያ አስገቡ። አንዱን ቱል በፒዮንግያንግ መንግሥት ርዕዮት ስም «ጁቼ» ማለታቸው ደግሞ ቅሬታን አባባሰ። በሰኔ 2002 በፒዮንግያንግ ዐረፉ። ብዙም ሳይቆይ ፌዴሬሽናቸው ሦስት ቦታ ተከፈለ፤ ሦስቱም «ትክክለኛው እኛ ነን» አሉ። ይህ ነገር ለኛ ለስደተኞች ባዳ አይደለም።

ሌላም ጉዳይ አለ። ዛሬ ብዙ የታሪክ አጥኚዎች ቾይ ለታክዮን የሰጡት ድርሻ እንደተጋነነ፣ የካራቴው እንዳነሰ ይናገራሉ። ከገዢ የተማሩትን መናገር እንደሚከብድ እንረዳለን። ነገር ግን ዕዳን መናገር የሥራቸውን ክብር ባልቀነሰው ነበር እንላለን።

ካራቴ፣ ቴኳንዶ፣ ቦክስ ቀማምሰው «የራሴን ስልት ፈጠርኩ» ለሚሉ ወጣቶቻችን የምንለው ይህ ነው፦ መቀማመስ ብቻውን ስልት አይሆንም። የምትይዙትንና የምትጥሉትን በምክንያት ለዩ፤ ካንተ ከሚበረታ ጋር ገጥማችሁ ፈትኑት፤ ጻፉት። መምህራችሁን ደግሞ፣ ባላጋራችሁም ቢሆን፣ በስሙ ጥሩት።