የቡና ጉንደላና የቁራጭ አመራረጥ

የሺሺንዳ ገበሬ ያረጀ ቡናውን ለመጎንደል ቢያመነታ አልፈርድበትም፤ ደህና ምርት እስኪመለስ ሁለት ዓመት ያህል ይጠብቃል። ስለዚህ ማሳውን በየዓመቱ ከፋፍሎ መጎንደልን እመርጣለሁ።

ግንዱ ከመሬት 30–40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ውሃ እንዳይቋጥር በሰያፍ ይቆረጣል። ያን ጊዜ ከጫፉ ወደ ታች ይወርድ የነበረው ኦክሲን የተባለው ሆርሞን ይቋረጥና ታፍነው የቆዩት እምቡጦች ይነቃሉ። የእንሰት አምቾ እምብርቱ ወጥቶ ሲቀበር ችግኝ የሚያፈላውም በዚሁ ሕግ ነው። ከቀንበጦቹ ጠንካሮቹን ሁለት ሦስት አስቀርቶ ሌላውን ማንሣት ያስፈልጋል።

ቁራጭ ለመትከል ግን ሽቅብ ያደገውን ቀንበጥ ብቻ ውሰዱ። ተማሪዎቼ ዘወትር ይጠራጠሩኛል እንጂ፣ የጎን ቅርንጫፍ ሥር ቢሰድም ወደ ጎን መንጋደዱን አይተውም፤ ቀጥ ያለ ግንድ አይወጣውም።