ስለ ሽሮ፤ የጥራጥሬው አመራረጥና የወጡ አሠራር

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አገር ከእንጀራ ጋር ከሚቀርቡት ወጦች መካከል በባለጸጋውም በድኻውም ቤት የሚገኘው ሽሮ ነው። ሽሮ ማለት ታምሶ፣ ተከክቶና ከቅመም ጋር ተፈጭቶ የተሰናዳ የጥራጥሬ ዱቄት ነው፤ ከዱቄቱ የሚሠራው ወጥም በዚያው ስም ይጠራል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም 55 ቀን በሚቆየው በዐቢይ ጾምና በሌሎቹ አጽዋማት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበሉም። በእነዚህ ቀኖች ሰውነትን የሚጠግነው ምግብ በአብዛኛው ከጥራጥሬ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ የሽሮ አዘገጃጀት ከቤተ ሰቡ ጤና ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

ለሽሮ ከሁሉ ይልቅ የሚመረጡት ጥራጥሬዎች ሽንብራና አተር ናቸው፤ ባቄላም ይጨመራል። በአንዳንድ አገር ደግሞ ጓያ ብቻውን ወይም ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ ይፈጫል። ምርጫው እንደ አገሩ አዝመራና እንደ ቤቱ አቅም ይለያያል።

ሥራው የሚጀመረው በለቀማ ነው። ጠጠሩ፣ ነቀዝ የበላውና ባዕዱ ዘር አንድ በአንድ ይወጣል። ከዚህ በኋላ እህሉ ታጥቦ ለጥቂት ጊዜ ይቀቀላል ወይም በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ውሃው ተደፍቶም በፀሐይ ይሰጣል። ሲደርቅ በምጣድ ይታመሳል፣ በወፍጮ ይከካል፣ በሰፌድ ተበጥሮም ገለባው ይለያል። በመጨረሻም ከደረቀ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላ፣ ከኮረሪማና ከአዝሙድ ጋር ይፈጫል። በርበሬ የገባበት ምጥን ሽሮ፣ ያልገባበት ነጭ ሽሮ ይባላል። ምጥን የሚለው ቃል መጠነ ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ የባለሙያዋ ችሎታ የሚለካው በመመጠኑ መሆኑን ያስረዳል።

ማመሱ ሁለት ጥቅም አለው። እርጥበቱን ስለሚያጠፋ ዱቄቱ ብዙ ወራት ሳይበላሽ ይቀመጣል፤ በጥሬ ጥራጥሬ ውስጥ የሚገኙትን፣ የፕሮቲንን መፈጨት የሚያሰናክሉ ነገሮችም ሙቀቱ ያዳክማቸዋል። ስለዚህ የሽሮ ዋናው ሥራ ወጡ ከመሠራቱ ከብዙ ጊዜ በፊት የተፈጸመ ነው።

የወጡ አሠራር ከዚህ ይልቅ አጭር ነው። የተከተፈ ሽንኩርት በድስት ይቁላላል፤ በጾም ዘይት፣ በፍስክ ቅቤ ይገባበታል። ነጭ ሽሮ ከሆነ በርበሬ ሊጨመርበት ይችላል። ከዚያ ውሃ ይጨመርና ሲፈላ ዱቄቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተነሰነሰ፣ እንዳይጓጉል ያለ ማቋረጥ በማማሰያ ይማሰላል። ለአንድ ስኒ ሽሮ ሦስት ወይም አራት ስኒ ውሃ ይበቃል። እሳቱ ቀንሶ ወጡ እየተንተከተከ ሲቆይ የጥሬ ዱቄት ጣዕሙ ይጠፋል፤ ዘይቱም ወደ ላይ ብቅ ሲል መብሰሉ ይታወቃል። ቀጠን ያለው ሽሮ ፈሰስ ይባላል፤ ወፍራሙ ተጋቢኖ ነው።

ሽሮ ከእንጀራ ጋር መበላቱም ያለ ጥቅም አይደለም። ጥራጥሬ ሊሲን በሚባለው የፕሮቲን ክፍል የበለጸገ ሲሆን በሜቲዮኒን ደካማ ነው፤ ጤፍና ሌሎቹ የብርዕ እህሎች ግን በሜቲዮኒን የተሻሉ፣ በሊሲን የደከሙ ናቸው። ሁለቱ በአንድ ገበታ ሲገናኙ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላል።

በዚህ ሁሉ መካከል ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው ጓያ ነው። ጓያ ዝናም ካቆመ በኋላ በዋልካ መሬት በቀረው እርጥበት ይበቅላል፤ ድርቅ ወይም የውሃ መተኛት ሌላውን አዝመራ ሲያጠፋ እርሱ ይተርፋል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ነገር ግን ኦዳፕ የተባለ መርዝ በውስጡ አለ። ሰው ለሁለትና ለሦስት ወር ጓያን ዋና ምግቡ አድርጎ ከበላ እግሩ እየደረቀ ሊሽመደመድ ይችላል፤ ለዚህም ደዌ ፈውስ አልተገኘለትም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት በጎንደር፣ በ1990ዎቹም ዓመታት በሰሜን ወሎ በደላንታና ዳውንት ድርቅን ተከትሎ ብዙ ሰው በዚሁ ደዌ ተጎድቷል።

ባላገሩ የጓያን ጉዳት ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ ስለ መንገዱ ያለው አስተያየት ግን ከሐኪሞቹ ይለያል። በብዙ ቦታ ሰውን የሚጎዳው ጓያ ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ወይም የጓያ ገለባ ላይ መተኛት ነው ተብሎ ይታመናል። በዚህም የተነሣ ወጥ ሠሪዋ ፊቷን ከእንፋሎቱ እያዞረች ወጡን ግን ለልጆቿ ታቀርባለች። ምርመራው ያረጋገጠው ጉዳቱ የሚመጣው በመብላት መሆኑን ነው።

ይሁን እንጂ የቆየው የባልትና ሥርዓት ያለ መከላከያ አልቀረም። መርዙ በውሃ የሚሟሟ ስለ ሆነ፣ እህሉን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ይቀንሰዋል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም። ከሌላ ጥራጥሬ ጋር መመጠኑም የጓያውን ድርሻ ያሳንሳል። በደላንታና ዳውንት የተደረገው ጥናት እንደሚያሳየው፣ አደጋው የበረታው ጓያን በቆሎ፣ በንፍሮና በእሸት መልክ በሚበሉት ላይ ነው፤ በወጥ መልክ መብላት ግን ከደዌው ጋር የተያያዘ ሆኖ አልተገኘም።

ችግሩ የሚጸናው ድርቅ በሆነበት ዓመት ነው። ያን ጊዜ ከጓያው ጋር የሚመጠን ሽንብራም ሆነ አተር በጎተራ አይኖርም፤ ማገዶና ውሃም ስለሚያጥር መዘፍዘፉና ወጥ መሥራቱ ቀርቶ እህሉ በቆሎ ይበላል። እናቲቱ መመጠንን ብታውቅም የምትመጥነው አጥታለች። ስለዚህ ደዌውን ለመከላከል ምክር ብቻ አይበቃም፤ በራብ ጊዜ ከጓያው ጋር የሚቀላቀል ሌላ እህል በጊዜው መድረስ አለበት።

ዛሬ በከተማ ብዙ ቤተ ሰብ ሽሮን ተፈጭቶ ከገበያ ይገዛል። እህሉ ገና በቅርፊቱ ሳለ ማዕዘን ያለው የጓያ ፍሬ ከክቡ አተርና አፍንጫ ካለው ሽንብራ በዓይን ይለያል፤ ተከክቶ ሲፈጭ ግን ልዩነቱ ይጠፋል። ቀድሞ በለቀማ ጊዜ በሰፌድ ላይ ይደረግ የነበረው ምርመራ አሁን በሻጩ እጅ ነው። ስለዚህ ዱቄቱን የምትገዛ ሴት ከምን እህል እንደ ተፈጨ መጠየቋ፣ ቢቻልም እህሉን ራሷ ለቅማ ማስፈጨቷ፣ የቆየው የባልትና ጥንቃቄ እንዳይቀር ያደርጋል።