ተረትና እውነታ፦ ቁርጥማቱ ሳይድን እንቅልፍ አይመለስም?

«ሕመሙ ሲለቅ እንቅልፉ ራሱ ይመጣል» የሚለው እምነት መነሻው ልክ ነው፤ ሌሊት መጀመሪያ የሚቀሰቅሰው የመገጣጠሚያ ሕመሙ ነውና። ወራት ሲያልፉ ግን እንቅልፍ ማጣቱ ራሱን የቻለ በሽታ ይሆናል። ሕመምተኛው ያጣውን ለማካካስ በጊዜ ጋደም ይላል፣ ቀን ያሸልባል፣ ሌሊት ሰዓት እያየ «ዛሬም ሊነጋብኝ ነው» እያለ ይብሰለሰላል፤ አልጋው መጨነቂያ ይሆናል። ያኔ ማስታገሻ ብቻውን አይበቃም። እንዲያውም እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ያባብሳል፦ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት የሩማቶይድ አርትራይተስ ሕሙማን ለአንድ ሌሊት እንቅልፋቸው ሲቀነስ የመገጣጠሚያ ሕመማቸው ብሶ ታይቷል።

«ወሬ ጉልበት ያድናል እንዴ?» የሚለው ሙግት ለእንቅልፍ ማጣት የሚሰጠውን የንግግር ሕክምና ከማጽናናት ጋር ያምታታል። ሲቢቲ የሚባለው ይህ ሕክምና ጥብቅ ልምምድ ነው። ሕመምተኛው መቼ እንደተኛና እንደነቃ በየቀኑ ይመዘግባል። አልጋ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ የሚተኛው ስድስት ብቻ ከሆነ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኝቶ ንጋት 12 ሰዓት ላይ እንዲነሳ ይደረጋል፤ እንቅልፉ ሲሞላ ጊዜው በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዳሉ፤ ይህ ሊሸሸግ አይገባም። እንቅልፍ እምቢ ሲል ከአልጋ መውረድ የተለመደው ምክር ነው፤ ጉልበቱ የማይጸና ሰው ግን በጨለማ እንዳይወድቅ እዚያው ተደግፎ ቢቀመጥ ይሻላል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት፣ የአርትራይተስ ሕመምና እንቅልፍ ማጣት ያለባቸውን ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ 327 ሰዎች አካቷል። ሕክምናው በ8 ሳምንት ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የሚወስዱ ስድስት የስልክ ውይይቶች ነበር። ከዓመት በኋላ ከታከሙት 56 በመቶው ከእንቅልፍ ማጣት ነፃ ነበሩ፤ ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው ግን 26 በመቶው። የሕመሙ መቀነስ ግን እስከ ዓመቱ አልዘለቀም፤ ስለዚህ «ቁርጥማትንም ይነቅላል» የሚል ሁሉ ያጋንናል። እንቅልፍ መመለሱ ብቻውን ግን ትልቅ ፈውስ ነው።

«ኪኒን ይፈጥናል» ለሚሉም፣ እውነት ነው፤ ግን አረጋውያንን ለመውደቅና ለስብራት ያጋልጣል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2016 ሲቢቲ ከኪኒን እንዲቀድም መክሯል። በአገራችን የሠለጠነ ባለሙያ ማግኘት ይቸግራል፤ ሕክምናው በስልክ መሥራቱ ተስፋ የሚሰጠው ለዚህ ነው። የሚጥል በሽታ፣ ባይፖላር ወይም በእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ ያለበት ሰው የመኝታ ሰዓቱን በራሱ አይቀንስ። ፕሬድኒሶሎን የሚወስዱ ከሆነ፣ ማታ መዋጡ እንቅልፍ ይነሳልና ሰዓቱን ሐኪምዎን ይጠይቁ። በሚቀጥለው ቀጠሮዎም ስለ ጉልበትዎ ብቻ ተናግረው አይውጡ፤ እንቅልፍዎን ለብቻው ያንሱት።